ከጥምቀት ወዲህ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ ፋስቲንጉን ላርዝመው ወይስ ልተወው?

ወለላ34
መጋቢት 2 ቀን 2017፣ ምሽት 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ሌሎች የሚጽፉትን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር የቆየሁት፤ ዛሬ ግን ጨነቀኝና ጻፍኩ።

34 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። መስከረም ላይ 86 ኪሎ ነበርኩ። በእንቁጣጣሽ ማግስት ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ጀመርኩ፤ 16 ሰዓት ሳልበላ እቆይና ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ብቻ እበላለሁ። ጠዋት ውሃና ስኳር የሌለው ቡና ነው። በመጀመሪያው ወር 4 ኪሎ ወረደልኝ። ከዚያ በወር ሁለት ሁለት ኪሎ እያለ ጥምቀት ሲደርስ 77 ገባሁ። የተውኳቸው ቀሚሶች እንደገና ልክ ሆኑልኝ፤ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ከጥምቀት ወዲህ ግን ይኸው ሰባት ሳምንት ሙሉ 77። አንድ ቀን 76.6፣ ሌላ ቀን 77.8፣ ተመልሶ 77። ሰዓቴን አንድም ቀን አላዛነፍኩም። ሁዳዴ ሲገባ «ይሄ እንኳ ያንቀሳቅሰዋል» ብዬ ወደ 20 ሰዓት አሳደግሁት፤ አሁን የምበላው ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሚዛኑ ያው ነው፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልምብኛል፣ ፀጉሬ በማበጠሪያ እየመጣ ነው፣ የወር አበባዬም ዘጠኝ ቀን ዘገየ (እርግዝና አይደለም፣ ተመርምሬያለሁ)። እናቴ «በቃሽ፣ ፊትሽ ጠቆረ» እያለች ታለቅሳለች።

ላርዝመው? ወይስ ሰውነቴ ከዚህ በታች አልወርድም ብሏል ማለት ነው?

የደሴ_ልጅ
መጋቢት 2፣ ምሽት 3:48

አይዞሽ እህቴ፣ እኔም አልፌበታለሁ። 92 ኪሎ ላይ ሁለት ወር ቆሜ ነበር። 16 ሰዓቱን ትቼ በቀን አንዴ ብቻ መብላት ስጀምር ነው የተላቀቀው፤ ዛሬ 81 ነኝ። ረጅም ሰዓት ሳትበዪ ስትቆዪ ኢንሱሊን ይወርዳል፣ ሰውነት የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ኦቶፋጂም አለ፤ ሴል በውስጡ ያረጀውንና የተበላሸውን ራሱ የሚያጸዳበት ሥራ ነው፣ የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ነገር ነው። ማዞሩ ሰውነትሽ እስኪለምደው ነው። ውሃሽ ላይ ትንሽ ጨው ጣል አድርጊና ቀጥዪ። አሁን ብታቆሚ የለፋሽበት ሁሉ ይመለሳል ብዬ እሰጋለሁ።

ጤናአዳም
መጋቢት 2፣ ምሽት 4:35

ወለላ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ብዙ ሰዎች አያለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፦ 20 ሰዓቱን ከነገ ጀምረሽ ተዪው። የዓይን መጨለምና የወር አበባ መዛባት እስኪለመድ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚታወቅበት) እና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ተመርመሪ። ፀጉር ደግሞ ክብደት ከተቀነሰ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚረግፈው፤ ዛሬ በማበጠሪያሽ የምታዪው የኅዳርና የታኅሣሡን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል፤ ብቻ ብረትና ፕሮቲን እንዳይጎድልሽ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። ሰው ተኝቶ ቢውል እንኳ ልቡ ለመምታት፣ ሳንባው ለመተንፈስ፣ ሰውነቱ ሙቀቱን ለመጠበቅ ጉልበት ይፈጃል። በ1990 በወጣው የሚፍሊን ቀመር ዕድሜሽንና ቁመትሽን አስገብቼ ሳሰላው፣ በ86 ኪሎሽ ለዚህ ብቻ በቀን ወደ 1,540 ካሎሪ ትፈጂ ነበር። በ77 ኪሎ ወደ 1,450 ወርዷል። ደረጃ ስትወጪም፣ ታክሲ ለመያዝ ስትሮጪም ከዚህ በፊት ትሸከሚው የነበረው 9 ኪሎ የለም፤ ያው መንገድ ዛሬ በትንሽ ጉልበት ይታለፋል። በዚያ ላይ ሰውነት ከስሌቱም አልፎ ይቆጥባል። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የክብደት ቅነሳ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ተለክተው፣ በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት በእረፍት ላይ የሚያቃጥሉት ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ ነበር። እነሱ ብዙ ኪሎ በጥድፊያ የጣሉ ናቸው፤ የአንቺ እንደዚያ አይከፋም። ግን አቅጣጫው አንድ ነው።

በአጭሩ፣ መስከረም ላይ ያከሳሽ የነበረው ገበታ ጥር ላይ ባለሽበት የሚያቆይሽ ገበታ ሆኗል። ሰዓቱን ብታርዝሚው ገበታው አይቀየርም።

ሰዓት ብቻውን እንደማያከሳ የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2022 የታተመ ነው፤ ቻይና፣ ጓንጁ ውስጥ 139 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ሁሉም ካሎሪ እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ግን በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ሰዓት የጠበቁት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሰዓት ያልጠበቁት 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም ከአጋጣሚ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ፋስቲንግ የሚጠቅመው ቁርስንና የማታ መክሰስን ቆርጦ፣ ሰው ሳይቆጥር እንዲያንስለት ስለሚያደርግ ነው። ሆድ ሲላመድ ግን ያጣውን በእነዚያው ስምንት ሰዓታት ውስጥ ቀስ አድርጎ ያስመልሳል። ሰዓቱ እንደተጠበቀ ነው፤ ሳህኑ ግን አድጓል።

እስቲ ንገሪኝ፦ በምን ሰዓት ምን ትበያለሽ? ወገብሽ ስንት ነው? ሌላው ደግሞ ትገረሚብኝ ይሆናል፣ ዘይት ቤታችሁ ስንት ቀን ይቆያል?

ሌሊት_ፈረቃ
መጋቢት 3፣ ጠዋት 12:20

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። አምና 11 ሳምንት ቆሞብኝ ስለነበር የሚሰማሽን አውቀዋለሁ፤ ሰው ሁሉ «ትሰርቅ ይሆናል» ሲልሽ ያማል።

እኔም አልሰረቅሁም። ባለቤቴ የኩሽና ሚዛን ገዛችና ለሁለት ሳምንት ወደ አፌ የሚገባውን ሁሉ መዘንኩ። ከእናቴ የሚላክልኝ፣ ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ አለ፤ በፈረቃ እንቅልፍ ሲጫነኝ ከኪሴ እየዘገንኩ የምበላው። ቆሎን ምግብ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ ቤታችንም ማንም አይቆጥረውም፣ ለእንግዳ እስኪቀርብለት ማቆያ ነው። ሲመዘን የአንዱ ሌሊት 120 ግራም ሆነ፤ ከ500 ካሎሪ አያንስም። እሱን ወደ አንድ እፍኝ ስቀንሰው በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ተንቀሳቀሰ።

ልጠይቅሽ፤ ሰባቱ ሳምንት የጀመረው ከጥምቀት ከሆነ፣ ያኔ በኑሮሽ ምን ተቀየረ? ቤት፣ ሥራ፣ መንገድ፣ እንቅልፍ፣ መድኃኒት?

ወለላ34
መጋቢት 3፣ ምሽት 2:30

ስለ መልሳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 20 ሰዓቱን ዛሬ ተውኩት፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በላሁ፣ ከሰዓትም ዓይኔ አልጨለመብኝም።

ምግቤ እንዲህ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሽሮ ወይ በያይነቱ በአንድ እንጀራ፤ አንዳንዴ ግማሽ እጨምራለሁ። ወደ 10 ሰዓት ሻይ በዳቦ። ማታ ፍርፍር ወይም ተጋቢኖ። ቅዳሜና እሑድ እናቴ ቡና ታፈላለች፤ ሦስቱንም እጠጣለሁ፣ የቡና ቁርስም አይጠፋም። ወገቤን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፤ 94። መስከረም ላይ አልለካሁም።

በጥምቀት አካባቢ የተቀየረ ነገር የለም። ያው ቤት፣ ያው ሥራ፣ መድኃኒትም አልወስድም።

ወለላ34
መጋቢት 3፣ ምሽት 4:05

ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ሲያነብ «ሰርቪሱስ?» አለኝ።

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ መሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ መድቦልናል። ከዚያ በፊት ጠዋትም ማታም ታክሲ ፍለጋ ከቤት እስከ መገናኛ በእግሬ ነበር የምሄደው፤ ከወረድኩም በኋላ እስከ ቢሮ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ አለ። አሁን ሰርቪሱ ከሰፈራችን አፍ ያነሳኛል፣ ቢሮ በር ላይ ያወርደኛል። ስልኬ እርምጃ ይመዘግባል፤ ከፍቼ አየሁት። ኅዳር ላይ በቀን 9,000 ገደማ፣ የካቲት ላይ 3,400። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ምግቤን ስወነጅል ቆይቼ ይሄን አላየሁትም።

ሌሊት_ፈረቃ
መጋቢት 4፣ ጠዋት 1:10

ይኸው ተገኘ! እግዚአብሔር ወንድምሽን ይባርክልሽ።

ጤናአዳም
መጋቢት 4፣ ምሽት 3:00

ትልቅ ነገር ነው ያገኘሽው። ከ5,000 የሚበልጥ እርምጃ ማለት በአንቺ ክብደት በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ እንደ አረማመድሽ ይለያያል። ቀስ ብሎ መቀነስን ለማስቆም ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

የዘይቱን ጥያቄ ግን አልመለስሽልኝም። የጠየቅሁበትን ልንገርሽ። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው ወደ 120። እኛ ቁሌት ስንሠራ በማንኪያ አንለካም፣ ከጀሪካኑ ነው የምናንቆረቁረው። ሽንኩርቱ እንዳያር ይጨመራል፣ ሽሮው እንዲያብረቀርቅ ይጨመራል፣ ፍርፍሩ እንዳይደርቅ ይጨመራል። ለጾም ሲሆን ቅቤው የለምና በዘይት ይካካሳል። አንቺ የበላሽውን ስትቆጥሪ አንድ እንጀራ በሽሮ ትያለሽ፤ እንጀራው የጠጣው ዘይት ግን በቆጠራው የለም።

ይህን የምለው የሚደብቅ ሰው አለ ለማለት አይደለም። በ1992 አሜሪካ ውስጥ «ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አንከሳም» የሚሉ 10 ሰዎች በትክክለኛ መለኪያ ሲታዩ፣ በአማካይ ከሚበሉት 47 በመቶውን ሳይመዘግቡ ቀርተው ነበር። ዓይናችን ለዘይትና ለቆሎ ክፉኛ ደካማ ነው።

ወለላ34
መጋቢት 5፣ ምሽት 1:50

እናቴን ጠየቅኋት። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ እናቴና ወንድሜ። ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን በፍስክ አምስት ሳምንት ይቆያል። በሁዳዴ ሦስት ሳምንት።

አሰላሁት፤ ሥራዬ ነውና። አምስት ሊትር 40,000 ካሎሪ ካለፈ፣ ለሦስት ሰው በ21 ቀን ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 640 ገደማ ይደርሳል። በፍስኩ 390 አይሞላም። ስለዚህ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ከዘይት ብቻ በቀን 250 ጨምሬያለሁ፤ በ20 ሰዓቱ የቀነስኩትን መልሶ የበላው እሱ ነው። ወጡን የምትሠራው እናቴ ናት። እጇን ማስቀየር ለእኔ ቀላል አይደለም፤ «ልጆቼን ደረቅ ላበላ ነው?» አለችኝ።

ሐይቅ_ዳር
መጋቢት 5፣ ምሽት 3:20

እናትሽን ሽንኩርቱን መጀመሪያ በራሱ ውሃ ታብስለው፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ለክታ ታድርግ በያት። መዓዛው ይበልጥ ይወጣል እንጂ አይቀንስም። እኔ ለአማቴ ሳልነግራት ነው የጀመርኩት፤ እስካሁን አላወቀችም።

ወለላ የማትወስደው ቢሆንም ሌላ አንባቢ ይጠቀም ብዬ ልጨምር፦ እኔ የቆመብኝ በሦስት ወር መርፌ ነበር። የወሊድ መከላከያው መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር የነገረችኝ ነርስ ናት። ከእሷ ጋር ተመካክሬ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። እባካችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ጠይቁ።

የደሴ_ልጅ
መጋቢት 5፣ ምሽት 3:55

ጤናአዳም፣ አክብሬህ ነው የምቃወምህ። የእኔ 11 ኪሎ በጥናት ሳይሆን በሰውነቴ ላይ የሆነ ነው። ሰዓት ባይሠራ ኖሮ ለምን ተላቀቀልኝ?

ጤናአዳም
መጋቢት 5፣ ምሽት 4:40

ወንድሜ፣ መቀነስህን አልካድኩም። በቀን ሁለቴ ስትበላ የነበርከው ሰው አንዴ ስትበላ፣ ያ አንዱ ማዕድ የሁለቱን ያህል አይሆንም፤ ለአንተ የሠራው ይህ ይመስለኛል። ለአንተ ከተስማማህ፣ ካልዞረብህ፣ ጉልበትህ ካለ፣ ተው አልልህም። እሷ ግን ዓይኗ እየጨለመ ነው።

ስለ ኦቶፋጂ ያልከው እውነት ነው፤ ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። ሥራቸው ግን በእርሾ ላይ ነበር። በሰው ከ16ኛው ሰዓት ይጀምራል ተብሎ የተቆረጠ ልክ የለም፤ የቆመ ሚዛን ለማስነሳት መንገዱ እሱ ነው ብዬ ልመክራት አልችልም።

የደሴ_ልጅ
መጋቢት 6፣ ጠዋት 2:15

ስለ እሷ ያልከው ይገባኛል፤ ማዞሩን አቅልዬ ስላየሁት ይቅርታ እህቴ። ስለ እኔ ግን አልተስማማሁም። ረሃቤ ራሱ ጠፍቶልኛል፤ ቁጥር ብቻ ቢሆን ይሄ አይሆንም ነበር።

ዘጠኝ_ሰዓት
መጋቢት 6፣ ቀን 7:30

እህቴ ወለላ፣ በፍቅር ነው የምነግርሽ። ሁዳዴን ለኪሎ ስትይ አትጹሚው። ስጾም ሚዛን ላይ መውጣት ካቆምኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ በየቀኑ ስመዘን ጸሎቴ ሁሉ ሚዛኑ ላይ ቀረብኝ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ስግደቴን እሰግዳለሁ፣ ከዚያ የተገኘውን እበላለሁ። ለታመመና ለደከመ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምታይ የንስሐ አባትሽ ይነግሩሻል፤ ጠይቂያቸው። ሁለቱን ለይተሽ ያዢያቸው፣ ያኔ ሁለቱም ይቀልልሻል።

ወለላ34
መጋቢት 6፣ ምሽት 2:10

ይሄ ልቤን ነክቶኛል። እውነትዎን ነው፤ ጾሙን ከሚዛኑ ጋር አጣብቄው ነበር። እስከ ፋሲካ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እመዘናለሁ።

ዳማከሴ
መጋቢት 7፣ ጠዋት 3:00

ልጆቼ፣ 61 ዓመቴ ነው፤ ስኳር ካገኘኝ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እዚህ የምትመካከሩትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አምና ልጄ ከስልክ አይታ «አባዬ፣ 16 ሰዓት ብትቆይ ስኳርህ ይስተካከላል» አለችኝ፤ ለእኔ ብላ ነው። የስኳር ክኒኔን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ ጠዋት ዋጥሁና ሳልበላ ቆየሁ። አራት ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆንኩ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የማስታውሰው ጎረቤት በአፌ ስኳር በውሃ ሲያደርግልኝ ነው። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ይህን ክኒን የምትወስዱ፣ ሐኪም መጠኑንና ሰዓቱን ሳያስተካክልላችሁ አትጀምሩ። ወላጅ ያላችሁም ለወላጆቻችሁ አትምከሩ፤ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጤናአዳም
መጋቢት 7፣ ጠዋት 4:10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈዎት። የጻፉት እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ ሕመም የነበረበት ሰውም እንዲሁ ይጠንቀቅ።

ወለላ34
መጋቢት 9፣ ምሽት 3:30

ውጤቴን ይዤ መጣሁ። ታይሮይዴ ደህና ነው። ሄሞግሎቢኔ ግን 11.2። ሐኪሟ ለሴት ከ12 በታች የደም ማነስ እንደሚባል፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ መለኪያው ከዚያም ከፍ እንደሚል ነገረችኝ። የብረት ክኒን አዘዘችልኝ፤ ቡናና ሻይም ከምግብ ጋር እንዳልጠጣ፣ ብረቱን እንዳይዘልቅ ስለሚያደርጉት። እኔ ደግሞ ሽሮዬን በልቼ ወዲያው ነበር ሻይ የምጠጣው።

ለካ የዓይኔ መጨለም እንዲሁ አልነበረም። ጤናአዳም፣ አሁን ምን ላድርግ?

ጤናአዳም
መጋቢት 9፣ ምሽት 5:00

ክኒኑን በደንብ ውሰጂ፤ እስኪስተካከል ድረስ ለመክሳት አትቸኩዪ። 16 ሰዓቱ ከተስማማሽ ይቀጥል፤ ባይስማማሽ 14 ይሁን፣ ምንም አይጎዳሽም።

ገበታው ላይ ግን ሽሮውን ወፈር፣ እንጀራውን ቀነስ አድርጊ። አንቺን ለመሰለች ሴት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.2 ግራም ያህል ፕሮቲን ጥሩ ነው፤ በአንቺ 90 ገደማ ማለት ነው። የጻፍሽልኝ ምግብ የዚያን ግማሽ ቢሰጥሽ ነው። በጾም 90 መድረስ ይከብዳል፤ 70 ብትደርሺ ደስ ይለኛል። የበሰለ ምስር 100 ግራሙ 9 ግራም ፕሮቲን አለው። አዚፋ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተር በሻይና በዳቦው ቦታ ይግቡ። ፕሮቲን ሲያንስ ከስብ ጋር ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲሄድ የሚቃጠለውም ያንሳል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ቤትሽ ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ በጀሪካን ውሃ ማንሳት ጀምሪ። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም።

ሰርቪሱን ተይው አልልሽም፤ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ማንም አይልም። ማታ ግን ሁለት ፌርማታ ቀደም ብለሽ ውረጂ።

አንድ ቀን ከፍ ቢል አትደንግጪ። ሰውነት የሚያጠራቅመው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ አንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጨው የበዛበት ወጥ በበላሽ ማግስት፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል፣ ኪሎና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ስብ አይደለም። ወገብሽን በሳምንት አንዴ ለኪ።

ሌሊት_ፈረቃ
መጋቢት 10፣ ጠዋት 1:30

እንቅልፍንም አትርሱ። በ2010 ቺካጎ ውስጥ የተሠራ ጥናት አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳይታኝ ነበር፤ 10 ሰዎች፣ ምግቡ ያው፣ አንዴ 8 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ፣ አንዴ 5 ሰዓት ተኩል፣ ለሁለት ለሁለት ሳምንት። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነበር፤ እንቅልፍ ሲያንሳቸው ግን ከስብ የሄደው በ55 በመቶ አነሰ፣ የቀረው ከሥጋቸው ነው የሄደው። እኔ ከፈረቃ ስመለስ መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ አጥፍቼ መተኛት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤተሰብ ከአገር ቤት የሚደውለው ያኔ ስለሆነ ከባድ ነበር፤ አስረዳኋቸው።

ጅዳ_ያለሁ
መጋቢት 12፣ ሌሊት 7:45

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ረመዳን ስለሆነ ሥራው እስከ ሱሁር ነው፤ ሰምቡሳ ስጠብስ፣ ሳህን ሳጥብ አድራለሁ። እናንተ ሰዓታችሁን ትመርጣላችሁ፣ እኔ ግን የምበላው ሲፈቀድልኝ ነው፤ ከእነሱ የተረፈውን። ከመጣሁ 13 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሚዛንም የለኝም። ከምን ልጀምር?

ጤናአዳም
መጋቢት 12፣ ጠዋት 2:20

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። የአንቺ ድካም ከሁላችንም ይበልጣል። በሰዓት አትጨነቂ። ከሚተርፈው ውስጥ መጀመሪያ ሾርባውንና ሥጋውን ወይም እንቁላሉን ብዪ፣ ከዚያ ሩዙን፤ ሰምቡሳውን መጨረሻ ላይ፣ አንድ ብቻ። ለሱሁር ሁለት እንቁላል ቀቅለሽ ማስቀመጥ ይፈቀድልሻል? ቀን ያቆይሻል። ጭማቂውን በውሃ ተኪው። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

ወለላ34
ሚያዝያ 5፣ ምሽት 1:40

እንኳን ለሆሣዕና አደረሳችሁ። 76.1፣ ወገብ 91። በአምስት ሳምንት አንድ ኪሎ እንኳ ያልሞላ ነው፤ ቀሚሴ ግን ሌላ ነው የሚለው። ጀሪካኑ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ ገና አላለቀም። እናቴን ያሳመናት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የጀሪካኑ ዋጋ። ማንኪያውን ራሷ ጀሪካኑ ላይ በክር አሰረችው።

ማታ ማታ ከሰርቪሱ ቀድሜ እወርዳለሁ። አብራኝ የምትወርድ የሥራ ባልደረባም አግኝቻለሁ፤ እያወራን ሲሄዱት መንገዱ አይታወቅም። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ግን ያስፈራኛል።

ሐይቅ_ዳር
ሚያዝያ 5፣ ምሽት 2:25

ዶሮ ወጥሽን በደስታ ብዪ! 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ሳህኑን አይመዝንም።

ወለላ34
ግንቦት 10፣ ጠዋት 4:00

በላሁ። ከፋሲካ በኋላ 77.4 ወጣሁና እንደ በፊቱ አላለቀስኩም፤ በስምንተኛው ቀን 76 ተመለሰ። ዛሬ 75.2፣ ወገብ 88። ሄሞግሎቢኔ 12.6 ደርሷል፤ ሐኪሟ ክኒኑን ገና እንዳላቋርጥ ነግራኛለች። የወር አበባዬ በሰዓቱ መጣ። አሁን የምበላው ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ 15 ሰዓት ሳልበላ እቆያለሁ፣ ከእናቴ ጋር ቁርስ መብላት ስለናፈቀኝ።

ጅዳ ያለሽው እህቴ፣ አለሽ? ስላንቺ አስባለሁ።

ጅዳ_ያለሁ
ግንቦት 10፣ ሌሊት 6:20

አለሁ። እንቁላሉን ፈቀዱልኝ። ከዒድ ወዲህ ሰምቡሳ አልነካሁም። ሚዛን ግን እስካሁን የለኝም፣ ሜትርም የለኝም። መቀነስ አለመቀነሴን በምን አውቃለሁ?

ጤናአዳም
ግንቦት 11፣ ጠዋት 1:15

ክር ይበቃሻል። ጠዋት ሳትበዪ፣ እንዲሁ እየተነፈስሽ፣ ሆድሽን ሳትስቢ እምብርትሽ ላይ ዙሪያውን አዙሪው፤ የገጠመበት ላይ ቋጠሮ እሰሪ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በዚያው ክር ለኪ። ክሩ ከቋጠሮው በፊት ገጥሞ ትርፍ ከመጣ ቀንሰሻል።

ጅዳ_ያለሁ
ግንቦት 11፣ ሌሊት 7:05

ከልብስ መስፊያው ሳጥን ቀይ ክር አገኘሁ። አሰርኩት።